የንፋስ ጄኔሬተር ብልሽት ምርመራ

የንፋስ ጄኔሬተር ብልሽት ምርመራ በንፋስ ተርባይን ውስጥ የሚሠራ ጄኔሬተር ሳይፈታና ከሥራ ሳይቆም የጀመረውን ጉዳት ከሚያወጣቸው ምልክቶች ለይቶ የማወቅ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ዘርፍ ነው። ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ንዝረት፣ ሙቀት፣ የቅባት ሁኔታ እና ጄኔሬተሩ የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ጅረት ናቸው። ዘርፉ የቆመበት ሐሳብ አብዛኛው ጉዳት ማሽኑን ከማቆሙ በፊት በንዝረቱ ወይም በጅረቱ ላይ የራሱን ድግግሞሽ ይተዋል የሚል ነው። ያንን ድግግሞሽ ከሌላው ጫጫታ መለየት የተቻለ እንደሆነ ጥገናውን ማሽኑ ከመሰበሩ በፊት ማዘጋጀት ይቻላል።

ጉዳዩ ከፋብሪካ ሞተር ይልቅ በንፋስ ተርባይን ላይ የሚከብደው በማሽኑ ቦታ ምክንያት ነው። ጄኔሬተሩ ብዙውን ጊዜ ከመሬት ከ60 እስከ 100 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ ጫፍ ላይ ይገኛል። እዚያ ወጥቶ በየቀኑ መፈተሽ አይቻልም። ጄኔሬተሩን አውርዶ ለመቀየር ደግሞ ትልቅ ክሬን፣ ለክሬኑ የሚሆን መንገድ፣ ንፋስ የማይበረታበት ቀን እና በእጅ ያለ መለዋወጫ ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የትንሽ ክፍል ጉዳት ተርባይኑን ለወራት ሊያቆመው ይችላል።

## የጄኔሬተሩ አሠራር

ጄኔሬተር የመሽከርከር ኃይልን ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚቀይር ማሽን ነው። የሚሽከረከረው ክፍል ሮተር፣ የማይንቀሳቀሰው ክፍል ደግሞ ስታተር ይባላል። ሮተሩ ሲዞር መግነጢሳዊ መስኩም አብሮት ይዞራል፤ ይህ መስክ በስታተሩ የመዳብ ጥቅል ውስጥ ሲያልፍ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ሮተሩ በሁለት ወገን በኩሽኔታ ተደግፎ ይቆማል።

የትላልቅ ተርባይኖች ክንፎች በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራሉ። ይህን ዝግታ ከጄኔሬተሩ ጋር ለማጣጣም ሁለት መንገዶች አሉ።

* ካምቢዮ ያለው አሠራር፦ በክንፎቹና በጄኔሬተሩ መካከል ያለው የጥርስ ሳጥን ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር አካባቢ ከፍ ያደርገዋል። በዚህ አሠራር በብዛት የሚታወቀው ከሁለት ወገን የሚመገብ ኢንዳክሽን ጄኔሬተር ነው። ስታተሩ በቀጥታ ከኤሌክትሪክ መረቡ ጋር ይገናኛል፤ ሮተሩ ግን ጅረቱን የሚያገኘው በካርቦንና በሚዞሩ የብረት ቀለበቶች አማካይነት ከኮንቨርተር ነው። ኮንቨርተሩ የሚያስተናግደው የጠቅላላውን ኃይል አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል።
* ቀጥታ የሚነዳ አሠራር፦ ካምቢዮ የለውም። ጄኔሬተሩ ከክንፎቹ እኩል በዝግታ ይዞራል፤ ስለዚህ ዙሪያው ሰፊ፣ መግነጢሳዊ ዋልታዎቹም ብዙ ናቸው። ብዙውን ጊዜ በሮተሩ ላይ ቋሚ ማግኔት ይለጠፋል። የሚያመነጨው ኃይል በሙሉ በኮንቨርተር በኩል ያልፋል።

ምርጫው የብልሽቱን ዓይነትም ይወስናል። የመጀመሪያው የካምቢዮና የካርቦን ጣጣ አለበት። ሁለተኛው ከእነዚህ ነጻ ቢሆንም የማግኔት መዳከምና የትልቅ ኮንቨርተር ችግር ይገጥመዋል።

## ታሪክ

ንፋስን ለኤሌክትሪክ የመጠቀም ሙከራ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ብረሽ እ.ኤ.አ. በ1887 እና በ1888 መካከል በክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ በቤቱ ግቢ ያቆመው ማሽን ዲያሜትሩ 17 ሜትር ሲሆን፣ ከእንጨት የተሠሩ 144 ክንፎች ነበሩት። 12 ኪሎ ዋት ያህል ያመነጭ የነበረው ይህ ማሽን የቤቱን ባትሪዎች እየሞላ ወደ 20 ዓመት ገደማ አገልግሏል።

ከአንድ ሜጋ ዋት በላይ ያመነጨ የመጀመሪያው ተርባይን እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ግራንድፓስ ኖብ በተባለ ኮረብታ ላይ የተተከለው የስሚዝ–ፑትናም ተርባይን ነው። አቅሙ 1.25 ሜጋ ዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1943 ዋናው ኩሽኔታ ተበላሸ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለነበር ምትክ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀ። ተርባይኑ በመጋቢት 1945 እንደገና ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ከሁለቱ ክንፎች አንዱ ተገንጥሎ ወደቀ። የክንፉ ደካማ ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ በጦርነቱ ምክንያት በተፈጠረው የዕቃ እጥረት ግን ሳይጠናከር ቀርቷል። ማሽኑ ከዚያ በኋላ አልተጠገነም።

የዚህ ተርባይን ታሪክ የዘርፉን ሁለት ዋና ጥያቄዎች አስቀድሞ ያሳያል። አንደኛው ጉዳቱ መቼ ተጀመረ የሚለው ነው። ሁለተኛው ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ ለጥገናው የሚያስፈልገው ዕቃ በጊዜው ይገኛል ወይ የሚለው ነው።

ምርመራውን ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ያደረገው የሒሳብና የኮምፒዩተር ዕድገት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ጄምስ ኩሊ እና ጆን ቱኪ ያሳተሙት ፈጣን የፉሪየር ስሌት አንድን ምልክት በውስጡ ወዳሉት ድግግሞሾች በአጭር ጊዜ መበተን አስቻለ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በኑክሌር ኃይል ጣቢያ ያሉ የሞተር ቫልቮችን ሁኔታ ከሞተሩ ጅረት ብቻ ለማንበብ ሠሩ። ይህ የጅረት ፊርማ ትንተና የተባለ ዘዴ ቆይቶ ወደ ንፋስ ጄኔሬተሮች ተሻገረ።

## የብልሽት ዓይነቶች

### የኩሽኔታ ጉዳት

በ1980ዎቹ በአሜሪካ በትላልቅ ሞተሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከብልሽቶቹ 40 በመቶ ያህሉ በኩሽኔታ የሚጀምሩ መሆናቸውን አሳይተዋል። በንፋስ ጄኔሬተርም ኩሽኔታ በተደጋጋሚ ከሚጎዱት ክፍሎች አንዱ ነው።

ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት፣ የውጭ ቀለበትና በመካከላቸው የሚሽከረከሩ ኳሶች ወይም ሮለሮች አሉት። ግሪስ ሲያንስ፣ ሲበዛ ወይም አቧራ ሲገባበት የቀለበቱ ፊት መላጥ ይጀምራል። ኳሱ በተላጠው ቦታ ላይ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ምት ይፈጠራል። የምቱ ብዛት በሰከንድ የሚወሰነው በኳሶቹ ቁጥርና በዘንጉ ፍጥነት ነው።

ሌላው የጉዳት ምንጭ የኤሌክትሪክ ነው። ኮንቨርተሩ ቮልቴጁን በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ስለሚያበራና ስለሚያጠፋ በሮተሩ ዘንግ ላይ ቮልቴጅ ይጠራቀማል። ይህ ቮልቴጅ በግሪሱ በኩል ወደ መሬት ሲያፈተልክ በኩሽኔታው ውስጥ ጥቃቅን ብልጭታ ይፈጥራል። ከጊዜ በኋላ ቀለበቱ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ የተሸነተረ ይሆናል። መከላከያው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሽፋን ወይም የሴራሚክ ኳስ ያለው ኩሽኔታ መጠቀም እና ዘንጉን በብሩሽ ከመሬት ጋር ማገናኘት ነው።

### የስታተር ጥቅል ጉዳት

የመዳብ ሽቦዎቹ ኢንሱሌሽን በሚባል ሽፋን ተለያይተው ይጠቀለላሉ። ሽፋኑን የሚያረጀው በዋናነት ሙቀት ነው። በመሐንዲሶች ዘንድ በሚሠራበት ግምታዊ ሕግ መሠረት ሙቀቱ ከተፈቀደው በላይ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ንዝረት፣ እርጥበትና የኮንቨርተሩ ፈጣን የቮልቴጅ ለውጥም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ሁለት ጎረቤት ዙሮች ሲነካኩ አጭር ቀለበት ይፈጠራል፤ በዚህም ቀለበት ውስጥ በጣም ከፍተኛ ጅረት መዞር ይጀምራል። ቦታው ይግላል፣ በዙሪያው ያለው ሽፋን ይቃጠላል፣ ጉዳቱም ወደ ሌሎች ዙሮች ይዛመታል። ከኩሽኔታ ጉዳት የሚለየው በፍጥነቱ ነው፤ ከመጀመሪያው ንክኪ እስከ ሙሉ ቃጠሎ ያለው ጊዜ አጭር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ምርመራው ጄኔሬተሩን በቶሎ ከማጥፋት ጋር ተያይዞ ይሠራል።

### የሮተር፣ የካርቦንና የቀለበት ጉዳት

ከሁለት ወገን በሚመገብ ጄኔሬተር የሮተሩ ሦስት ጥቅሎች እኩል መሆን አለባቸው። ከአንዱ ጥቅል ጋር የሚገናኘው ካርቦን ሲያልቅ፣ ምንጩ ሲላላ ወይም ቀለበቱ ሲቆሽሽ በዚያ መስመር ላይ ያለው ተቃውሞ ይጨምራል፤ ሚዛኑም ይዛባል። የካርቦን ብናኝ በቀለበቶቹ መካከል ሲከማች ደግሞ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያስነሳ ይችላል። የካርቦን መቀየር ራሱ ቀላል ሥራ ነው፤ ሳይቀየር ሲቀር የሚያስከትለው ጉዳት ግን ቀላል አይደለም።

### የማግኔትና የአየር ክፍተት ጉዳት

በቀጥታ በሚነዱ ጄኔሬተሮች ኒዮዲሚየም የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው ቋሚ ማግኔቶች ይሠራሉ። እነዚህ ማግኔቶች ከመጠን በላይ ሲሞቁ ወይም በአጭር ዙር ጊዜ ኃይለኛ ተቃራኒ መስክ ሲያገኛቸው ከኃይላቸው የተወሰነውን ለዘለቄታው ያጣሉ። ሌላው ችግር በሮተሩና በስታተሩ መካከል ያለው ክፍተት መዛባት ነው። ክፍተቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን የጄኔሬተሩ ዲያሜትር ግን በርካታ ሜትር ነው። ክፍተቱ በአንድ ወገን ሲጠብ መግነጢሳዊው ስበት በዚያ ወገን ይበረታል፤ ይህም ሮተሩን ይበልጥ ወደዚያው ይጎትተዋል፣ ኩሽኔታውንም ያስጨንቀዋል።

## የምርመራ ዘዴዎች

### ንዝረት

በኩሽኔታው ቤት ላይ የሚገጠም ዳሳሽ ንዝረቱን በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይለካል። ልኬቱ ወደ ድግግሞሽ ሲበተን ጤነኛ ማሽን የሚያሳየው የዘንጉን ዙርና ጥቂት ተባዢዎቹን ነው። የጉዳት መስመሮች የሚፈለጉት ከእነዚህ ውጭ ነው።

ለምሳሌ በደቂቃ 1,500 ዙር የሚዞር ዘንግ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። ኩሽኔታው 9 ኳሶች ቢኖሩት የውጭው ቀለበት ጉዳት በግምት 25 × 9 × 0.4፣ ማለትም 90 ሄርዝ ላይ ይታያል። የውስጠኛው ቀለበት ጉዳት ግን 25 × 9 × 0.6፣ ማለትም 135 ሄርዝ ላይ ይታያል። 0.4 እና 0.6 ግምታዊ ቁጥሮች ናቸው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከኩሽኔታው ልኬት ይሰላል። በመሆኑም መሐንዲሱ ማሽኑን ሳይፈታ ጉዳቱ በየትኛው ቀለበት ላይ እንዳለ መለየት ይችላል።

### የጅረት ፊርማ

የሜካኒክ ጉዳት ሮተሩን በጥቂቱ ስለሚያነቃንቀው የአየር ክፍተቱን፣ በዚያም በኩል መግነጢሳዊ መስኩንና ጅረቱን ይነካል። በዚህ የተነሳ በ50 ሄርዝ ዋና መስመር ግራና ቀኝ ትናንሽ መስመሮች ይወጣሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ የ90 ሄርዙ ጉዳት በጅረቱ ላይ በ140 እና በ40 ሄርዝ ይታያል፤ ይኸውም የሁለቱ ድግግሞሾች ድምርና ልዩነት ነው።

የዘዴው ጥቅም ተጨማሪ ዳሳሽ አለመፈለጉ ነው። ጅረት ለቁጥጥር ሲባል በማንኛውም ተርባይን ላይ ይለካል። ጉዳቱ ደግሞ ምልክቱ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው፤ ከዋናው መስመር በመቶዎች ወይም በሺዎች እጥፍ ሊያንስ ይችላል፤ የኮንቨርተሩ ጫጫታም ሊሸፍነው ይችላል። ለስታተር ጥቅል ጉዳት ግን ጅረት የተሻለ መረጃ ይሰጣል፤ የሦስቱ መስመሮች እኩልነት ሲዛባ በቀጥታ ይታያልና።

### ሙቀት፣ ቅባትና የቁጥጥር መረጃ

የተርባይኑ ቁጥጥር ሥርዓት የንፋስ ፍጥነትን፣ የሚመነጨውን ኃይል፣ የኩሽኔታና የጥቅል ሙቀትን አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ አማካይ እየመዘገበ ያስቀምጣል። ሙቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በኃይለኛ ንፋስ ጊዜ ጤነኛ ጄኔሬተርም ይሞቃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከጤነኛ ጊዜ መረጃ ተነሥተው ለዚህ ኃይልና ለዚህ የአየር ሙቀት ኩሽኔታው ስንት ዲግሪ መሆን ነበረበት የሚለውን ያሰላሉ። የተለካው ከተሰላው እየራቀ ሲሄድ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በካምቢዮ በኩል ደግሞ የዘይቱን ናሙና ወስዶ በውስጡ ያለውን የብረት ብናኝ መለካት የቆየና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

## የተለዋዋጭ ፍጥነት ችግር

የፋብሪካ ሞተር በቀን ውስጥ ፍጥነቱ እምብዛም አይለወጥም። የንፋስ ጄኔሬተር ግን ንፋሱ በነፈሰ ቁጥር ፍጥነቱን ይቀያይራል፤ የጉዳቱ ድግግሞሽም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

በ50 ሄርዝ መረብ ላይ ባለአራት ዋልታ ጄኔሬተር መግነጢሳዊ መስኩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል። ሮተሩ ከዚህ በ10 በመቶ ዘግይቶ በ1,350 ቢዞር የሮተር ሚዛን መዛባት በስታተሩ ጅረት ላይ 40 ሄርዝ ላይ መስመር ያወጣል። ንፋሱ ጨምሮ ሮተሩ ወደ 1,425 ሲደርስ መስመሩ ወደ 45 ሄርዝ ይሄዳል። በ1,500 ላይ ደግሞ ከ50 ሄርዙ ዋና መስመር ጋር ተደርቦ ከዓይን ይጠፋል። የአንድ ደቂቃ ልኬት በአንድ ላይ ቢተነተን አንድ ጥርት ያለ መስመር ሳይሆን በሰፊው የተበተነ እብጠት ይወጣል፤ ከጫጫታም አይለይም።

ለዚህ ሦስት ዓይነት መፍትሔዎች ይሠራባቸዋል። አንደኛው ልኬቱን በሰከንድ ሳይሆን በዘንጉ ዙር እየከፋፈሉ መተንተን ነው፤ እንዲህ ሲደረግ ፍጥነቱ ቢቀያየርም የጉዳቱ መስመር በአንድ ቦታ ይረጋል። ሁለተኛው ምልክቱን ወደ አጫጭር ቁርጥራጮች ከፍሎ በጊዜና በድግግሞሽ ባንድነት ማየት ነው፤ የዌቭሌት ትንተና ከዚህ ወገን ነው። ሦስተኛው ፍጥነቱ የተረጋጋባቸውን ጊዜያት ብቻ መርጦ ማወዳደር ነው። የመጨረሻው ቀላል ቢሆንም በኃይለኛ ንፋስ ጊዜ ብቻ የሚታይ ጉዳት ሊያመልጠው ይችላል።

## ሽቦ አልባ ዳሳሾችና የሰውነት ዳሳሾች

በሚሽከረከር ክፍል ላይ ዳሳሽ ለመግጠም ሽቦ መዘርጋት አስቸጋሪ ስለሆነ በክንፎችና በሮተሮች ላይ ሽቦ አልባ ዳሳሾች ይሞከራሉ። በዚህ ረገድ ጥናቱ በሰው አካል ላይ ከሚለበሱ የጤና ዳሳሾች ጥናት ጋር ብዙ የሚጋራው ነገር አለ። ሁለቱም በእንቅስቃሴ ላይ ካለ አካል ደካማ ምልክት ይሰበስባሉ፤ ሁለቱም በትንሽ ባትሪ ለረጅም ጊዜ መሥራት አለባቸው።

አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር በ1940ዎቹ መጨረሻ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በሬዲዮ የሚያስተላልፍ፣ በጀርባ የሚታዘል መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ክብደቱ ከ35 ኪሎ ግራም በላይ ነበር። ዓላማው በክሊኒክ በሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ምርመራ የማይያዝ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ የልብ ምት መዛባትን መያዝ ነበር። በጄኔሬተርም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው፤ በተወሰነ ንፋስ ብቻ የሚታይ ጉዳት በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረግ ፍተሻ አይገኝም። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 በሰውነት ዙሪያ ለሚሠሩ ሽቦ አልባ መረቦች ብቻ የተዘጋጀ መመዘኛ አውጥቷል።

ልዩነታቸው በመረጃው መጠን ይታያል። የልብ ምልክት በሰከንድ 250 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ በሁለት ባይት ቢለካ በሰከንድ 500 ባይት ይወጣዋል። የኩሽኔታ ንዝረት ግን በሰከንድ 20,000 ጊዜ ሲለካ 40,000 ባይት ይሆናል፤ ይህም 80 እጥፍ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በሬዲዮ መላክ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ስሌቱ እዚያው በዳሳሹ ውስጥ ተሠርቶ ውጤቱ ብቻ ይላካል። የሬዲዮ ሞገዱም እንቅፋት አለበት፤ የሰው አካል በውስጡ ባለው ውኃ ምክንያት ሞገዱን ይመጥጣል፣ የተርባይኑ የብረት ክፍል ደግሞ ሞገዱን እያንጸባረቀ ያዛባዋል።

## የዘዴዎቹ ወሰን

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አብዛኛው ጥናት የሚሠራው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ኮምፒዩተሩ ከብዙ ምሳሌዎች ጤነኛውንና የተጎዳውን መለየት ይማራል። ለዚህ በብዛት ከሚያገለግሉት መረጃዎች አንዱ በክሊቭላንድ የሚገኘው የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ ክፍት ያደረገው የኩሽኔታ ንዝረት መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ብዙ ጥናቶች ወደ 100 በመቶ የሚጠጋ ትክክለኛነት አስመዝግበዋል።

ይህ ቁጥር በጥንቃቄ መታየት አለበት። መዝገቡ የተወሰደው ሁለት የፈረስ ጉልበት ካለው የቤተ ሙከራ ሞተር ሲሆን ጉዳቱም በኩሽኔታው ላይ ሆን ተብሎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የተሠራ ነው። በማማ ላይ ያለ ጄኔሬተር ጉዳት ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ፍጥነቱም አይረጋም። ከዚህም በላይ የእውነተኛ ብልሽት መረጃ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ ተርባይኖች አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ናቸውና። በዚህ የተነሳ ምንጊዜም ጤነኛ ነው የሚል ፕሮግራም እንኳ በቁጥር ሲታይ ትክክለኛ ሊመስል ይችላል።

የሐሰት ማስጠንቀቂያም ዋጋ አለው። በተደጋጋሚ በከንቱ ማማ ላይ የወጣ ቴክኒሻን ቀጣዩን ማስጠንቀቂያ ችላ ሊል ይችላል። በዚህም ምክንያት ጥሩ ሥርዓት የሚለካው ስንት ጉዳት ያዘ በሚለው ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ በከንቱ ጮኸ በሚለውም ነው።

የትኛው ብልሽት ቅድሚያ ይሰጠው ለሚለው ጥያቄ ትልቅ መነሻ የሆነው በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2006 ከ1,500 በላይ ተርባይኖችን የተከታተለ ፕሮግራም ነው። ከመረጃው ትንተና እንደታየው ከብልሽቶቹ 75 በመቶ ያህሉ ያስከተሉት ከጠቅላላው የቆመ ጊዜ 5 በመቶውን ብቻ ነው። ቀሪዎቹ 25 በመቶ ብልሽቶች ግን 95 በመቶውን ይዘዋል። አነስተኛ የኤሌክትሪክ ብልሽቶች ብዙ ጊዜ ያጋጥማሉ፣ ቶሎም ይጠገናሉ። የካምቢዮና የጄኔሬተር ብልሽት አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ሲመጣ ግን ማሽኑን ለረጅም ጊዜ ያቆማል።

## በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ትላልቅ የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተገነቡት ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ነው።

* አዳማ 1፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ተመረቀ። አቅሙ 51 ሜጋ ዋት ሲሆን እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 34 የጎልድዊንድ ተርባይኖች አሉት። ተርባይኖቹ ካምቢዮ የሌላቸው፣ ቋሚ ማግኔት ያላቸው ናቸው።
* አሸጎዳ፦ በመቀሌ አቅራቢያ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመረቀ። አቅሙ 120 ሜጋ ዋት ነው። 30ዎቹ የቨርኜ ባለሁለት ክንፍ፣ 54ቱ የአልስቶም ባለሦስት ክንፍ ተርባይኖች ናቸው።
* አዳማ 2፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቀ። አቅሙ 153 ሜጋ ዋት ሲሆን 102 የሳኒ ተርባይኖች አሉት።

ከእነዚህ በኋላ የአይሻና የአሰላ ጣቢያዎች ግንባታ ተከትሏል። ንፋስ በአገሪቱ ልዩ ቦታ የሚሰጠው ከውኃ ኃይል ጋር ስለሚደጋገፍ ነው። አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚገኘው ከውኃ ግድቦች ሲሆን፣ የግድቦቹ ውኃ በሚቀንስበት በበጋ ወራት በብዙ ቦታዎች ንፋሱ ይበረታል። በበጋ የቆመ ተርባይን ስለዚህ የሚያጎድለው በሚፈለግበት ሰዓት ነው። አቅሙ 1.5 ሜጋ ዋት የሆነ ተርባይን በአማካይ የአቅሙን 30 በመቶ ያመነጫል ቢባል፣ በቀን 10.8 ሜጋ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ለ30 ቀን ሲቆም 324 ሜጋ ዋት ሰዓት ይጎድላል። ይህም በወር 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ 3,240 ቤተሰቦች የአንድ ወር ፍጆታ ጋር እኩል ነው።

የአገሪቱ ከፍታ ለጄኔሬተሮቹ ተጨማሪ ጫና ነው። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን መመዘኛ ለሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ማሽኖች መነሻ የሚያደርገው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ያለን ቦታ ነው። የአዳማ ጣቢያዎች ከ1,500 ሜትር፣ አሸጎዳ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን በ2,000 ሜትር ከፍታ 1.0 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ቀጭን አየር ጥቅሉን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታንም እንደ ወፍራም አየር አይከላከልም። በጣም ደረቅ አየር ደግሞ ካርቦን ቶሎ እንዲያልቅ ያደርጋል። ስለዚህ በአውሮፓ ቆላማ ዳርቻዎች ከተሰበሰበ መረጃ የተወሰደ የሙቀት ወሰን ሳይስተካከል ቢወሰድ አሳሳች ሊሆን ይችላል። የየጣቢያው የራሱ የጤነኛ ጊዜ መዝገብ ያስፈልገዋል።

ሌላው ጉዳይ መለዋወጫ ነው። በአገሪቱ ያሉት ተርባይኖች የተለያዩ አምራቾች ሥራ ስለሆኑ የአንዱ ኩሽኔታ፣ ኮንቨርተር ወይም ካርቦን ለሌላው ላይሆን ይችላል፤ ዕቃውም የሚመጣው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ነው። ብልሽቱ ከሦስት ወር በፊት ከታወቀ ግዢው፣ ጭነቱና የክሬኑ ኪራይ ተርባይኑ እየሠራ ሳለ ሊያልቅ ይችላል። ካልታወቀ ግን ይኸው ጊዜ በሙሉ ማሽኑ ቆሞ የሚያልፍበት ይሆናል። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ትምህርት ይሰጣል፤ ሁለቱም የሚገኙት ከእነዚህ ጣቢያዎች በቅርብ ርቀት ነው።